ጋሻዬን ጥላ ስለሄደችው ታንኳና ስላልተመለሱት የዳልጮ ካሴቶች

ለሰባቱ ምንጭ የድምፅና የምስል ሥራዎች ድርጅት
ለክቡር ዋና አዘጋጅ
አርባ ምንጭ፣ ሴቻ

ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤንነት፣ የባልደረቦችዎንም ደኅንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይም በሦስተኛው ክፍል ከመንኮራኩሩ ጣሪያ ላይ ወድቆ እግሩ ሲሰበር አይተን የደነገጥንለት፣ በዚያው ክፍል ማብቂያ ላይ ደግሞ በሁለት እግሩ ዳገት ሲሮጥ አይተን እጥፍ የደነገጥንለት ወጣት ተዋናይ እንደምን እንደ ሰነበተ ቢያሳውቁን ደስታችን ወሰን የለውም። እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆነውንም ነገር ከዚህ ቀጥሎ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ በልጅነቴ ጨንቻ ላይ ዳዊት የደገምሁ፣ ጥቂት ዓመታትም ከቅኔ መምህር እግር ሥር የተቀመጥሁ፣ ኋላም ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለው ሰው በከዋክብት መካከል ስለምትቀዝፍ ጀልባ ምን አገባው ብለው ቢደነቁ አልፈርድብዎትም፤ ባለቤቴ ወይዘሮ ብርቅዬም ከተጋባን ጀምሮ ስትደነቅ ኖራለች። ምክንያቴ ግን ቀላል ነው። «ታንኳ ዘጠኝ» በሬዲዮ ይተላለፍ በነበረበት ዘመን፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የተጠሙ ሕዝቦች ውኃ ፍለጋ ወደ ሰማይ የላኳቸው ዘጠኝ ሰዎች በአንዲት ጠባብ ጀልባ ውስጥ ሁለት ሕግ ይዘው ሲኖሩ እሰማ ነበር። አንደኛው ሕግ ሁሉም ሳይናገር ምንም ነገር አይወሰንም የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ተጥሎ አይኬድም የሚል ነው። እኔ ተማሪዎቼን እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማስተማር ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ተሳክቶልኛል ብዬም አልምልም። አዛዥ ኖላዊት ግን በግማሽ ሰዓት ታስተምራቸው ነበር።

ታሪኩን ለማያውቁ አንባቢዎች ልጨምር። በመቶ አሥራ ሁለተኛው ክፍል፣ በ1991 ዓ.ም.፣ ከዘጠኙ አንዱ የሆነው ጋሻዬ የጀልባይቱን የውኃ ጋን ለመሙላት ወደ አንዲት ባዶ ፕላኔት ወረደ፤ አውሎ ነፋስ ተነሣ፤ ጀልባይቱ ለመራቅ ተገደደች፤ አዛዥ ኖላዊትም በመገናኛው በኩል «ጋሻዬ፣ ጠብቀን፤ እንመለሳለን» አለችው። በሚቀጥለው ሐሙስ ሬዲዮውን ስንከፍት የእግር ኳስ ውጤት ይነበብ ነበር። ማንም ምክንያቱን አልነገረንም፤ ጣቢያውም ቆየት ብሎ ተዘጋ። እነሆ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ጋሻዬ እየጠበቀ ነው፤ እኛም አብረነው ስንጠብቅ ኖረናል። የጠበቅነውም ማኅበር መሥርተን፣ ሊቀ መንበር መርጠንና ቃለ ጉባኤ ይዘን ነው፤ ሊቀ መንበሩም ይህ ትሑት ጸሐፊ ነው።

ስለዚህ ድርጅትዎ «ታንኳ ዘጠኝ»ን በምስል ሊያስነሣው መሆኑን ባለፈው ጥር ሲያበስሩን፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ አደባባይ ላይ ያጨበጨብሁት ያኔ ብቻ ነው። ስለዚያች ጭብጨባ ዛሬ የተሰማኝን ለመግለጽ ይህን ያህል ገጽ ያስፈለገኝ በመሆኑ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ድህነታችሁ።

በዚህ ረገድ ቅሬታ የለኝም፤ ቅሬታ የሌለኝ መሆኑም ይመዝገብልኝ። የእህቴ ልጅ ቤቲ ተመልካቾች በገጻችሁ ላይ የጻፉትን አስተያየት በየቀኑ ታነብልኛለች፤ ብዙውም ሳቅ ነው። ከምዕራብ ዓባያ ክብሩ የተባለ ገበሬ «ያ ሰው ያልረገጠው ፕላኔት የእኔ ሙዝ ማሳ ነው፤ የጥበቃው ጎጆ ሁለቴ ታይቷል፤ ጥበቃውም አንዴ እጁን አውለብልቧል» ብሎ ጽፏል። ሌላው ተመልካች የመንኮራኩሯ በር ሲከፈት «እባክዎ በሩን ቀስ አድርገው ይዝጉ» የሚል ጽሑፍ መነበቡን አስታውሶ፣ ታንኳ ዘጠኝ ስንት ሰው ትጭናለች፣ ከሲቀላ ሴቻስ ታደርሳለች ወይ ሲል ጠይቋል። ቤቲ ራሷ «ጋሼ፣ የራስ ቁራቸው እኮ ጄሪካን ነው፤ እጀታው አልተቆረጠም» ብላ እየሳቀች አሳይታኛለች። እኔ ግን አልሳቅሁም። በድሮው ዝግጅት መንኮራኩር የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እኛም አየነው። የሌለውን ማሳየት የቻለ ሥራ የሚከበር ከሆነ፣ በአሮጌ ሚኒባስና በጄሪካን ሰማይን ለማሳየት የደፈረ ሥራም ሊከበር ይገባዋል። ቤቲንም «ባለው የሠራ ሰው አይሳቅበትም» ብዬ ገሥጫታለሁ። በዚህ ጉዳይ ጠበቃዎ ሆኜ መቆሜን ሳይረሱ ወደ ሁለተኛው እንለፍ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሞተሩ።

ታንኳ ዘጠኝ ድምፅ የላትም። ይህ በመጀመሪያው ክፍል በግልጽ የተነገረ ነው፤ ዝም ብላ ስለምትሄድ ነው ጠላቶቿ የማያገኟት። በእናንተ ዝግጅት ግን ጀልባይቱ ከተነሣችበት ጊዜ ጀምሮ «ቷ… ቷ… ቷ» የሚል ሞተር አላት። በየቦታው ያሉ አድማጮቻችን ይህ ድምፅ ከየት መጣ ብለው ሲከራከሩ፣ አንድ ሰው ብቻ ሳይከራከር ዐወቀው። ጨንቻ የሚኖረው ሸማኔ፣ አባ ዳልጮ፣ ልጆቹ በስልክ ሲያሳዩት ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና «ይኼማ የእኔ ሽመና ነው» አለ።

እውነቱን ነው። ጣቢያው ሲዘጋ የድሮው ዝግጅት ቅጂ ጠፍቶ፣ በዓለም ላይ የቀሩት ዳልጮ የቀዳቸውና ጥር ላይ የሰጣችሁ መቶ አሥራ ሁለት ካሴቶች ብቻ ነበሩ። ዳልጮና ታናሽ ወንድሙ ካሱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እየሸመኑ ያደምጡ ስለነበር፣ ቴፑንም ከሬዲዮው አጠገብ አስቀምጠው ይቀዱ ስለነበር፣ ከአዛዥ ኖላዊት ቃል በስተኋላ የሁለቱ ወንድማማቾች እንጨት ሲመታ ይሰማል። ባለሙያዎቻችሁ ይህን የመንኮራኩር ሞተር ነው ብለው ስላመኑ፣ አጽድተውና አጉልተው ስላቀረቡት፣ በመጨረሻም «የሞተር ድምፅ ፈጠራ» በሚል ርእስ ሥር የራሳቸውን ስም ስለጻፉበት፣ በጨንቻ ሸማኔዎች ስም ከልብ አመሰግናለሁ። እጃቸው ይህን ያህል ከፍታ እንደሚያስኬድ እስከ ዛሬ የነገራቸው አልነበረም።

ሦስተኛ፤ ስለ ንጉሡ ልብስ።

በሁለተኛው ክፍል የባዕዷ ፕላኔት ንጉሥ ተጎናጽፎ የቀረበው ጋቢ፣ ካሴቶቹ ተጠቅልለው የተሰጣችሁ ጋቢ ነው። ጥለቱን ዳልጮ ራሱ ጥሎታል። ንጉሡ ሲናደድ ጋቢውን መሬት ላይ ጥሎ በጫማው ረግጦታል። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አራተኛ፤ ስለ ጋሻዬ።

ሦስት ክፍል ሙሉ በትዕግሥት ጠበቅን። አራተኛው ክፍል ሲለቀቅ የማኅበሩ አባላት ሲቀላ በሚገኘው አዳራሻችን ተሰብስበን፣ ከካምባ ድረስ የመጡም ነበሩ፣ አብረን አየነው። አዲስ ገብ የሆነችው የጀልባይቱ ልጅ ግድግዳው ላይ የተጻፉትን ዘጠኝ ስሞች እያነበበች መጥታ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ አዛዥ ኖላዊትን ጠየቀቻት። አዛዥ ኖላዊትም፣ እርስዎ በጻፉላት ቃል፣ «ጋሻዬ? አላስታውሰውም፤ የድሮ ነገር ነው» ብላ ትከሻዋን ሰብቃ አለፈች።

በአዳራሹ ውስጥ የሆነውን ልንገርዎ። ሻሺቱ የምትባል፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ያዳመጠች የገበያ ነጋዴ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣችና «በሉ ደኅና ዋሉ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ጥቁር ለብሼ እመጣ ነበር» ብላ ወጣች። የካምባዋ መምህርት ብሩክታዊት በበነጋው በገጻችሁ ላይ «ተማሪዎቼን ቃል የሰጠ ሰው ይጠበቃል እያልሁ ያስተማርሁት በአዛዥ ኖላዊት ምሳሌ ነው፤ ሰኞ ምን ልበላቸው?» ስትል ጠይቃለች። ከድርጅትዎ የተሰጣት መልስ አንድ የሚስቅ ፊት ምስል ነው። ቤቲ ምን ማለት እንደሆነ አስረድታኛለች፤ ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር።

የጀልባይቱ በር ከሚኒባስ ቢሠራ ታሪኩ አይጎዳም። አዛዧ ቃሏን ስትረሳ ግን የቀረው ሚኒባሱ ብቻ ነው። ይህን ለማስተካከል አንዲት ሳንቲም አያስፈልግም ነበር፤ «ጋሻዬን እየፈለግነው ነው» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ ካሴቶቹ።

ወደዚህ ለመድረስ የዘገየሁት ስለሚከብደኝ ነው።

ክቡርነትዎ ጥር ላይ ካሴቶቹን ፍለጋ ጨንቻ ሲወጡ መንገድ መሪዎ እኔ ነበርሁ። ዳልጮ ሁለት ጊዜ እንቢ አለዎት። «ቴፑን ውሰድ፣ ከፈለግህ ሬዲዮውንም ውሰድ፤ ካሴቱን ግን ተወኝ» ነበር ያለው። ምክንያቱንም አልደበቀዎትም። በመጨረሻው፣ በመቶ አሥራ ሁለተኛው ካሴት ላይ፣ ድራማው ካበቃ በኋላ ቴፑን ማጥፋት ረስተው ስለነበር፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሲከራከሩ ተቀድቷል። ዳልጮ «ጋሻዬ ቀረ፤ አበቃለት» ይላል። ካሱ ደግሞ እያሳለና እየሳቀ «አይ አንተ! ይመለሱለታል። ሰው ጥላ የምትሄድ ጀልባ ብትሆን ይህን ሁሉ ዓመት የባትሪ ድንጋይ እየገዛን ባልጨረስንላት» ይለዋል። ካሱ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ፎቶግራፍ ተነሥቶ አያውቅም። ዳልጮ በየዓመቱ በመስቀል ማግስት፣ ዘመድ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ሲበተን፣ ያችን ካሴት ከፍቶ ወንድሙን ይሰማል፤ ያን ካልሰማ መስቀል አለፈ አይልም።

እርስዎም ይህን ሁሉ ሰምተው ወደ ውጭ ወጡና «መምህር፣ ይህን ሽማግሌ እሺ የሚያሰኘው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ነገርሁዎት። በጋሞ ምድር አንድ ሰው የሚለምነው ወይም የሚታረቀው ሲኖረው እርጥብ ሣር በእጁ ይዞ ይቀርባል፤ ሣር የያዘን ሰው እንቢ ብሎ መመለስ ደግሞ ጎሜ ነው፤ ማለት ከሠሪው አልፎ ቤቱን፣ ከብቱንና እርሻውን የሚከተል ነውር ነው። ሣር ይዞ የተናገረ ሰው ቃሉን ቢያጥፍም እንዲሁ ነው። ይህን አስረዳሁዎት፤ ከአጥሩ ሥርም ሣር ቆርጬ በእጅዎ አስያዝሁዎት። እርስዎም ተንበርክከው፣ ፎቶ አንሺዎም እያነሣ፣ ካሴቶቹን እስከ ፋሲካ በጋቢው እንደ ተጠቀለሉ እንደሚመልሱ፣ ጋሻዬንም ከዚያች ፕላኔት እንደሚያወጡት ቃል ገቡ። ዳልጮ ተነሥቶ ገባና በጋቢ የተጠቀለለውን የካሴት ካርቶን ይዞ ወጣ።

ፋሲካ አለፈ። በሰኔ ለጻፍንላችሁ ደብዳቤ ከቢሮዎ የተሰጠን መልስ በእጄ ነው፤ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ቅጂዎቹ በኮምፒዩተር የተቀመጡ ስለሆነ ዋናዎቹ ካሴቶች አያስፈልጉም። በክፍል 112 መጨረሻ ላይ የነበረው ከድራማው ጋር የማይገናኝ አላስፈላጊ ንግግር ተቆርጦ ወጥቷል። ካሴቶቹ መጋዘን ውስጥ ስለሆኑ ለመፈለግ ጊዜ የለንም። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

አላስፈላጊ ንግግር። ክቡር ሆይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ ሰውን ከነሳሉና ከነሳቁ በሁለት ቃል ቀብሮ ስለ ትብብሩ የሚያመሰግን ጽሑፍ ግን ሲያጋጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለጽሑፍ ችሎታችሁ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

ስድስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው።

ብነግርዎትም ሣሩ ምን እንደሆነ እርስዎ በልብዎ አያውቁም ነበር፤ እኔ ግን ዐውቅ ነበር። ሣር የሚያዘው ሌላ መንገድ ሲታጣ፣ ልብ ሲሰበር ነው፤ እኔ ግን የሽማግሌን እንቢታ መክፈቻ ቁልፍ አድርጌ ለማያውቀው ሰው አቀበልሁት። ያደረግሁትም የጋሻዬን መመለስ ለማየት ስለቸኮልሁ ነው። ሰውን ሁሉ ስገሥጽ የኖርሁ ሰው፣ ለአንድ ድራማ ስል የአባቶቼን ነገር እንደ ብልሃት ሸጥሁ ማለት ነው። ዳልጮ ዘንድ ሄጄ ይህን ብነግረው «እኔ ሣሩን ነው ያየሁት፤ ሰውየውን አላየሁትም» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። አልሰደበኝም። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ጨንቻ ስወጣ በደጁ አልፋለሁ እንጂ አልገባም።

ባለፈው እሑድ ማኅበራችን በጀልባይቱ ሕግ መሠረት ተሰብስቦ፣ አንድም ሰው ሳይቀር ተናግሮ ወስኗል። ስለ ሚኒባሱ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጄሪካኑ የምንጠይቀው ነገር የለም። ስለ ጋሻዬም ቢሆን፣ እርስዎ ካልመለሱት እኛ እንመልሰዋለን፤ መቶ አሥራ ሦስተኛውን ክፍል እዚያው ዳልጮ ሽመና ቤት ተቀምጠን፣ እንደ ድሮው በድምፅ ብቻ እንሠራዋለን። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መቶ አሥራ ሁለተኛው ካሴት ከነጓደኞቹ፣ ከመስቀል በፊት ዳልጮ እጅ ይግባ። ጊዜያችሁ እንዳይባክንም እኛው መጋዘናችሁን እንፈልጋለን፤ በሩን ብቻ ይክፈቱልን።

ስለዚህ ሰኞ መስከረም 5 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሴቻ በሚገኘው ቢሮዎ ደጅ እገኛለሁ። እርጥብ ሣር ይዤ እንበረከካለሁ። ይህን የማደርገው እርስዎ የሚፈሩት ነገር ኖሮ አይደለም፤ እኔ የምፈራው ስላለኝ ነው። አብረውኝ የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ ፎቶ አንሺ ግን አናመጣም። ዘበኛዎ የያዝነው ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅዎት፣ እርስዎ አንድ ጊዜ ይዘውት ስለነበር ያስረዱታል።

ለሥራዎ መቃናት፣ ለድርጅትዎ እድገት፣ እንዲሁም ቃል ለሚገቡበት አንደበትዎ ሁሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ሁለት ጊዜ ያመነዎት፣ ለሦስተኛ ጊዜም ሊያምንዎት ተንበርክኮ የሚመጣ የታላቅ አክብሮት አገልጋይዎ፣

መምህር ሀብተሚካኤል ወልደ ሰንበት
የታንኳ ዘጠኝ አድማጮች ማኅበር ሊቀ መንበር
(ይህ ደብዳቤ በማኅበሩ ገጽና በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ይለጠፋል።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሦስተኛው ክፍል፣ አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ፣ ሞተራችሁ ሁለት ጊዜ ያስላል። ከተመልካቾች ብዙዎቹ የአሠራር ጉድለት ነው ብለው ስለተሳለቁባችሁ፣ እርምት እንደምታደርጉ በገጻችሁ ላይ ማስታወቃችሁን ቤቲ አንብባልኛለች። እባክዎ አያርሙት። ካሱ ነው። ቆርጣችሁ ስታወጡት በአንድ ጥግ አምልጦ ጀልባይቱ ላይ ተሳፍሯል፤ በዝግጅታችሁም ውስጥ ጋሻዬን አልረሳም ብሎ የሚሄድ እሱ ብቻ ነው።